ተኝቶ መታከም ለማያስፈልገው የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና እንዴት ይዘጋጃሉ? ከናሙናው ቀን እስከ ክር መውጫው

ለቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቢላውና ስለ መርፌው ነው። ቁስል አሽገን ታካሚ የምንሸኝ፣ ከሳምንት በኋላም ክር የምናወጣ ነርሶች የምናየው ግን ሌላ ነው። ቀጠሮ የሚያስተላልፈው፣ ቁስል የሚያደማው፣ ስፌት የሚያስለቅቀው ነገር ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ይልቅ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሳይነገር ወይም ሳይዘጋጅ ከቀረ ጉዳይ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚኬድበትን ቀዶ ሕክምና ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ከታዘዘልዎ የጾም ሰዓቱም ሌላው ዝግጅትም ይለያል።

ቦታው እንዳይጠፋ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ናሙና በሚወሰድበት ቀን ነው። ለባዮፕሲ የተቆረጠች ትንሽ ቁስል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትድንና ከአካባቢው ቆዳ ጋር ትመሳሰላለች። ከላይ ሲያዩት ጨርሶ የዳነ ይመስላል፤ ካንሰሩ ግን ከሥር ሊኖር ይችላል። በተለይ በራስ ቆዳ፣ በአፍንጫና በጀርባ ላይ፣ ወይም ሌሎች ነጠብጣቦች በበዙበት ገላ ላይ ታካሚውም ሐኪሙም ቦታውን ለመለየት ይቸገራሉ። የተሳሳተ ቦታ መቁረጥ በቆዳ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ስህተት ነው፤ ምንጩም ይኸው ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት፣ ካልሆነም በዚያው ቀን በስልክዎ ሁለት ፎቶ ያንሱ። አንዱ ከቅርብ ይሁን። ሌላው ከክንድ ርቀት ሆኖ ጆሮ፣ የአፍ ጠርዝ፣ ጉልበት ወይም ሌላ የማይለወጥ የሰውነት ምልክት አብሮ ይግባበት። ከዚያ ምልክት እስከ ነጠብጣቡ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው ይጻፉት። ቦታው ጀርባ ላይ ከሆነ ፎቶውን ሌላ ሰው ያንሳልዎ። በቀዶ ሕክምናው ቀን ሐኪሙ በቀለም ሲያሰምር መስታወት ይጠይቁና በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ። ይህ መሆን ያለበት ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት ነው፤ መርፌው ከገባ በኋላ ቆዳው አብጦ ድንበሩ ስለሚደበዝዝ አስተያየትዎ ብዙም አይረዳም።

የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የናሙናውን የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ውጤት ቅጂም በእጅዎ ይያዙ፤ በተለይ ናሙናውን የወሰደው ሐኪምና ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም የተለያዩ ከሆኑ። ከወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የካንሰሩን ዓይነትና የተወሰደበትን ጎን፣ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑን። ሜላኖማ፣ ማለትም ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር ከሆነ ደግሞ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ጥልቀት ከሁሉም ይበልጣል። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ የንፍፊት ምርመራ አብሮ ሊታሰብ ስለሚችል፣ የሚሠራው ሥራ ከነአካቴው በአካባቢ ማደንዘዣ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ይህንን ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ።

ቁስሉ ለምን ከነጠብጣቡ ይበልጣል?

ክሩን ሲያዩ ከሚደነግጡት አብዛኞቹ «ነጠብጣቧ እኮ ይህችን ታህል ነበረች» ይላሉ። ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ ድንጋጤውን ያስቀራል። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር እንውሰድ። በዓይን የማይታየው ሥር እንዳይቀር በዙሪያው በተለምዶ 4 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ አብሮ ይወጣል፤ የሚወጣው ክብ 18 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ክብ ቁስል እንዳለ ቢሰፋ ቆዳው በሁለቱ ጫፍ ተጨማዶ ጉብ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ጫፎቹን አሹሎ የዓይን ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ርዝመቱ የስፋቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የ1 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ 5 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ የስፌት መስመር ይዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ዓይነት የቆዳ ካንሰር፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሲሆን ጤነኛው ጠርዝ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ አስጊ ሲሆን ከዚያም በላይ ነው። ሜላኖማ ላይ እንደ ጥልቀቱ ነው፦ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለጠለቀው 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ላለፈው ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር። የ1 ሴንቲ ሜትር ነጠብጣብ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ሲጨመርበት 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይሆናል፤ ይህ ብዙ ቦታ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ስቦ የሚሰፋ አይደለም። ከጎን ቆዳ ተዞሮ ይሸፈናል፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል፣ ወይም ክፍት ተትቶ ራሱ እንዲሞላ ይደረጋል። ሐኪሙን «በምን ይዘጋል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ የቤትዎ ዝግጅት በሙሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። የሚለጠፍ ቆዳ ከሆነ ሁለት ቁስል ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ከጭን በስሱ ተልጦ የተወሰደበት ቦታ ካንሰሩ ከወጣበት ይልቅ ሊያም ይችላል። ክፍት የተተወ ቁስል ለመሙላት ሳምንታት ይወስዳል፤ በየቀኑም መታሸግ አለበት።

ፊት ላይ ላለ ካንሰር የሞህስ ቀዶ ሕክምና ከታዘዘልዎ ቀኑን ሙሉ ነጻ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ሞህስ የጀመረው ይህ ዘዴ ቆዳውን በስሱ እየቆረጠ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በሙሉ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ፣ ካንሰር በተገኘበት አቅጣጫ ብቻ ደግሞ የሚቆርጥ ነው። ቆረጣው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ የላቦራቶሪው ጥበቃ ግን በየዙሩ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ዙሩ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ምግብ፣ የሚነበብ ነገር፣ የሰዓቱን መድኃኒትና ሹራብ ይዘው ይሂዱ። በጥበቃ መካከል ማደንዘዣው እየለቀቀ ከመጣ ሳያመነቱ ይናገሩ።

መድኃኒቶቹ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ። አንዳንዱ ደም ማቅጠኛውን በራሱ ፈቃድ አቁሞ ይመጣል፤ ሌላው ደግሞ ለራስ ምታት የዋጠውን አስፒሪን «ይህም መድኃኒት ነው ወይ?» ብሎ ሳይናገር ይተኛል።

በሐኪም የታዘዘ ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን ይሁን አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ ለልብ የሚወሰደውም አስፒሪን ጭምር፣ ያዘዘው ሐኪምና ቀዶ ሐኪሙ ሳይነጋገሩ አይቆምም። ለቆዳ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ እንደቀጠለ ነው የሚሠራው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከቆዳ የሚፈስ ደም ተጭነውት፣ ተኩሰውት ወይም ቋጥረውት ይቆማል፤ መድኃኒቱ በመቆሙ ምክንያት ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ የሄደን የረጋ ደም ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የአይኤንአር ምርመራ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካውን) አሠርተው ውጤቱን ይያዙ፤ ብዙ ሐኪሞች ከ3.5 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ መጠኑ ተስተካክሎ ቀኑ ይተላለፋል፤ ይህ በጠዋቱ ከሚታወቅ ከቀናት በፊት ቢታወቅ ይሻላል።

ማንም ሳያዝልዎ ለሕመም ማስታገሻ የሚወስዱት አስፒሪን ግን ሌላ ነገር ነው። ደም የሚያረጉትን ትናንሽ ሕዋሳት ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚያሰንፋቸው በዚያው ልክ ቀደም ብሎ መቆም አለበት። የጉንፋንና የራስ ምታት ድብልቅ ክኒኖች ውስጥም ስለሚገኝ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሰን የሚያደርሱት ተጽዕኖ አጭር ነው፤ ቢሆንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ቀናት በፓራሲታሞል ይተኳቸው። በእንክብል የሚወሰዱ ቫይታሚን ኢ፣ የዓሣ ዘይት፣ ጂንኮ፣ ጂንሰንግና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ቢቆሙ ይመከራል፤ በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ምንም አያደርግም። አልኮል ቢያንስ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ ይቅር፤ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ያደማል።

የደም ግፊት መድኃኒት በቀዶ ሕክምናው ጠዋት እንደወትሮው ይዋጣል። «ቀዶ ሕክምና ስላለ» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ በብዙ ቦታ 180 በ110 የደረሰ ግፊት ቀጠሮ ያስተላልፋል፣ ሳይተላለፍ ቢሠራም ደሙን ማቆም ያታግላል። የስኳር ሕመምተኛም ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን እንደወትሮው ይወስዳል፤ አካባቢ ብቻ በሚደነዝዝበት ሥራ መጾም አያስፈልግም። ባዶ ሆድ መምጣት የሚያስከትለው ራስን መሳት ነው።

የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ይምጡ። በዚያው ወረቀት ላይ ፔስሜከር ወይም በደረት የተቀበረ የልብ መሣሪያ መኖሩን፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭን፣ እርግዝናን፣ ከዚህ በፊት በማደንዘዣ፣ በፕላስተር፣ በጎማ ጓንት፣ በአዮዲን ወይም በአንቲባዮቲክ የደረሰብዎትን አለርጂ ይጨምሩ። ፔስሜከሩ የሚጠየቀው ደም ለማቆም የሚተኮስበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሊያውከው ስለሚችል ነው፤ ሲታወቅ ሌላ ዓይነት መተኮሻ ይመረጣል። ክብደትዎንም ይወቁ። የማደንዘዣው መድኃኒት፣ የሊዶኬይን፣ መጠን በኪሎ ነው የሚሰላው፦ ከአድሬናሊን ጋር ሲሆን ቢበዛ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊ ግራም፣ በ1 በመቶው ፈሳሽ 42 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለአንዲት ነጠብጣብ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቦታ ለሚቆረጥ ወይም ጉበቱን ለሚያመው ግን ስሌቱ ይቆጠራል።

ሲጋራ ለብቻው መነሳት አለበት። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ከጎን የተዞረ ወይም የተለጠፈ ቆዳ ደግሞ የሚኖረው በእነዚያው ሥሮች ነው። ጠርዙ ጠቁሮ የሞተ ቆዳ ስናይ መጀመሪያ ከምንጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ማጨስ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት ቢቆም ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ ሁለት ሳምንትም ይረዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት መከልከሉ ግን የግድ ነው።

በጠዋቱ

ማታ ወይም ጠዋት ገላዎን ይታጠቡ፤ ጭንቅላት ወይም ፊት ላይ ከሆነ ጸጉርዎንም፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ለሁለት ቀን ውኃ እንዳይነካ ሊባሉ ይችላሉ። ቦታውን በምላጭ አይላጩት፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ለተዋሕሲያን በር ይከፍታል፤ ጸጉር መነሳት ካለበት እዚያው ይከረከማል። ቅባት፣ ሜካፕና ጌጥ አያስፈልግም። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይልበሱ፤ በራስ የሚጠለቅ ልብስ ማታ ሲያወልቁት ፋሻውን ይዞት ይወጣል። አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ የሚሠራለት ሰው መነጽሩ በፋሻው ላይ እንደማያርፍ አስቀድሞ ይወቅ። የሚያደርስዎ ሰውም ይኑር፤ ዓይን አካባቢ ከተሠራ ማየት ይጋረዳል፣ መኪና መንዳትም አይቻልም።

ከሁሉም የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ሊዶኬይን አሲድነት ስላለው ሲገባ ያቃጥላል። ሐኪሙን ከሶዲየም ባይካርቦኔት ጋር መቀላቀል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር እጅ ሊዶኬይን ላይ አንድ እጅ ሲጨመር ማቃጠሉ ይቀንሳል። መርፌው እንደገባ ልብዎ ለጥቂት ደቂቃ ቢመታና እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ከአድሬናሊኑ ነው፤ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መነካት፣ መሳብና መጫን ይሰማዎታል፤ መውጋትና ማቃጠል ግን ሊሰማዎት አይገባም። ከተሰማዎ ችሎ መተኛት የለም፤ ይናገሩ፣ ይጨመርልዎታል። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ ራስዎን የሚስቱ ከሆነም ከመተኛትዎ በፊት ይንገሩን።

ቤት ውስጥ የሚጠብቅዎት

ዕቃው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይገዛ፤ ተሰፍተው ወጥተው መድኃኒት ቤት መዞር አይመችም። ቁስል ላይ የማይጣበቅ ጎዝ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ፣ ጥቂት መጠባበቂያ ጨምሮ፤ የወረቀት ፕላስተር፤ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፤ የጆሮ ጥጥ፤ ፓራሲታሞል፤ አዲስ ቫዝሊን። አዲስ የምንለው ብዙ ጣት የገባበት ቆርቆሮ ንጹሕ ስላልሆነ ነው፤ በቲዩብ ያለው ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጥብቅ ፋሻ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይነካና ሳይረጥብ ይቆያል። ከዚያ በየቀኑ፦ እጅ ይታጠባል፤ ፕላስተሩ ከተጣበቀ በውኃ ተነክሮ ይላቀቃል፤ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ በቀስታ ይታጠባል፤ ሳይፈገፈግ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ወፈር ተደርጎ ይቀባና ይሸፈናል። ቁስል አየር ካላገኘ አይድንም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ቁስል አዘግይቷል። አዲሱ ቆዳ ከጠርዝ ወደ መሐል የሚሄደው እርጥብ መሬት ሲያገኝ ነው፤ ደረቅ ቅርፊት መንገዱን ይዘጋበታል። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና አልኮል አዲሶቹን ሕዋሳት ስለሚገድሉ አይጠቀሙባቸው። ኒዮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ቅባትም ሳይታዘዝ አይቀባ፤ ብዙ ሰው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያስነሳል፤ ያመረቀዘ መስሎም ያሳስታል።

ደም ቢመጣ ተቀምጠው በንጹሕ ጎዝ ሰዓት እያዩ 20 ደቂቃ ሙሉ ይጫኑት። በየሁለት ደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም እየነቀለ እንደገና ያስጀምረዋል። ካልቆመ ሌላ 20 ደቂቃ፤ አሁንም ካልቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከስፌቱ ሥር በፍጥነት እያደገ የሚወጠር፣ የሚጠቁርና የሚያም እብጠት ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ዓይን አካባቢ ተሠርቶ ዓይን ቢወጠር ወይም እይታ ቢደበዝዝ አንድ ሰዓትም አይጠበቅ። ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ተሠርቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የዓይን ሽፋን ማበጡና መጥቆሩ ግን የተለመደ ነው፤ ራስን በሁለት ሦስት ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በየሰዓቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማድረግ ይቀንሰዋል።

ለሕመሙ ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4000 ሳያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ጉበት የሚያመው ወይም ክብደቱ ያነሰ ሰው መጠኑን ይጠይቅ። ሕመም በየቀኑ መቀነስ አለበት። ሦስት አራት ቀን ቀንሶ እንደገና የሚጨምር ሕመም፣ የሚሰፋ ሙቀትና መቅላት፣ መግል ወይም ትኩሳት የማመርቀዝ ምልክት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ሙቀቱን፣ መጠንከሩንና ሕመሙን ይመልከቱ።

እግርና ውስጥ እግር

ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ሜላኖማ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው፤ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማም በቆየ የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ ቁስል ላይ ይወጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ቅልጥም ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ፊት ብቻ የሚያወራ ምክር ለብዙ ሰው አይበቃም። ውስጥ እግር ላይ የተሠራበት ሰው ለሳምንታት በዚያ እግር መርገጥ ሊከለከል ይችላል። ክራንቹን ቀድመው ተውሰው ወይም ገዝተው በቁመትዎ ልክ ያስተካክሉት፤ ደረጃ መውጣትና መውረድም ሳይታመሙ ይለማመዱ። መኝታዎንና መጸዳጃውን ያቀራርቡ፤ ከፋሻ ጋር የሚገባ ሰፊ ጫማ ያዘጋጁ፤ ከሥራ የሚወስዱትን ፈቃድ ለፊት ከሚያስፈልገው በእጥፍ ያስረዝሙ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግር ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ተንጠልጥሎ የዋለ እግር ያብጣል፣ ያበጠ እግር ደግሞ ስፌቱን ይጎትተዋል። ቅልጥም ላይ ያለ ቁስል ደም ቶሎ ስለማይደርሰው ከሌላው ዘግይቶ ይድናል፤ ይህ የእንክብካቤ ጉድለት አይደለም።

ክር የሚወጣው ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ራስ ቆዳ ላይ ከ7 እስከ 14፣ ደረትና ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14፣ እግር ላይ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ነው። ፊት ላይ መዘግየት የክር ምልክት ያስቀራል፤ ጀርባና እግር ላይ መቸኮል ቁስሉን ያስከፍታል። ክር ወጣ ማለት ቆዳው ጠነከረ ማለት አይደለም፤ በሦስተኛው ሳምንት ጥንካሬው ገና ከዋናው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ጀርባና ትከሻ ላይ የተሠራበት ሰው ክሩ በወጣ ማግስት ከባድ ዕቃ አንስቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት፣ ስፖርትና ጎንበስ ቀና የሚያሰኝ ሥራ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅር።

ከዚህ በፊት ጆሮ ሲበሳ ወይም ቁስል ሲድን ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያበጠበት ሰው ለኬሎይድ የተጋለጠ ነውና ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ደረት፣ ትከሻና ጆሮ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ካንሰሩን ከማውጣት አያስቀርም፤ የአዘጋግ ዘዴውንና ክትትሉን ግን ይለውጣል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ የሲሊኮን ልጥፍ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ለሁለት ሦስት ወር መጠቀም ይቻላል፤ ማበጥ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ከዘገየው ይሻላል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት የወጣው ቆዳ የፓቶሎጂ ውጤት መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚደውል፣ ካልተደወለም እርስዎ የት እንደሚጠይቁ ያስጽፉ። ሲደርስ «ወጥቷል» በሚለው ቃል ብቻ አይመለሱ፤ የጎኑም የታችኛውም ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑን ጠይቀው ቅጂውን ይውሰዱ። ጠርዙ ላይ ካንሰር ከተገኘ ዳግመኛ ቆረጣ ይኖራል፤ ያኔም ዳግመኛ ለሚቆርጠው ሐኪም የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎችና ይህ ወረቀት ናቸው።